አርባ ፌሮ

በጓሮዬ፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር፣ በሽቦ የታሰሩ የፌሮ ቁርጥራጮች ተጋድመዋል። አርባ ነበሩ፤ አሁን ሠላሳ ሰባት ናቸው። እያንዳንዳቸው 60 ሳንቲሜትር ይሆናሉ። አንደኛው ጫፋቸው ሾሏል፤ ከሌላው ጫፍ አሥር ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ደግሞ ቀይ ቀለም ዙሪያውን ተቀብቷል። ቀለሙ እስካሁን ይታያል፤ ብረቱ ግን ዝጎ ሲነኩት እጅ ያቀላል። ቆራሌው በደጅ ባለፈ ቁጥር ባለቤቴ “አሁንስ ልስጠው?” ትለኛለች። አይሆንም እላታለሁ። ለምን እንደሆነ ግን ነግሬያት አላውቅም።

ፌሮዎቹን ያስቆረጥኳቸው መሬት ላይ ልተክላቸው ነበር። ዘዴው ምንም ረቂቅነት የለውም። ተዳፋቱ ላይ ብረቱን በመዶሻ ትመታዋለህ፤ ቀዩ ምልክት ከአፈሩ ጋር እኩል ሲሆን ታቆማለህ። ክረምቱ ይመጣል። ዝናቡ አፈሩን ጠርጎ ከወሰደው ምልክቱ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ከላይ የመጣ ደለል ከተጫነው ይቀበራል። በማስመሪያ ለክተህ በደብተር ትጽፋለህ። አንድ ሚሊሜትር ብታነብ እንኳ ትንሽ ነው ብለህ አትንቀው፤ በአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊሜትር ማለት አሥር ሜትር ኩብ አፈር ነው፤ ሲመዘን አሥራ ሁለት ቶን ገደማ ይደርሳል። በዓይን የማይታይ ነገር ነው። ገበሬው ጠዋት ወጥቶ ማሳውን ሲያይ ትናንት የነበረው መሬት ዛሬም ያለ ይመስለዋል። ለዚህ ነው ብረት የሚተከለው።

ቦታው ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ ደጋው አልቆ መሬቱ ወደ ዓባይ ተፋሰስ ቆላዎች መውረድ የሚጀምርበት አፋፍ ላይ ነው። ለዓመታት የኖራ ድንጋይ ሲወጣበት የኖረ ካባ ነበር። የኩባንያውንም የቀበሌውንም ስም አልጽፍም፤ የምናገረው ስለ ራሴ ጥፋት ነውና። እንዲያውም ስለ ኩባንያው አንድ እውነት መናገር አለብኝ፦ ካባውን ሲከፍት የላዩን ለም አፈር ገፍፎ ለብቻው ከምሮ አቆይቶት ነበር። እኔ እስከዚያ ካየኋቸው ካባዎች ይህን ያደረገ አልገጠመኝም። ሥራው ሲያልቅ ጉድጓዱ በትርፍ ድንጋይና አፈር ተሞላ፤ ገደል የነበረው ጎኑ ተደልድሎ ተዳፋት ሆነ፤ ያ ተከምሮ የቆየው አፈርም አንድ ስንዝር ያህል ውፍረት ይዞ በላዩ ተበተነ። የሮድስ ሣር ዘር በጆንያ ቀርቧል። ከተዳፋቱ ግርጌ በድንጋይ የተገነባ ምንጭ አለ፤ ከምንጩ የምትወጣ አንዲት ቦይ ደግሞ የነጭ ሽንኩርትና የሽምብራ ማሳዎችን ታጠጣለች።

እኔ የተላክሁት በአንድ አማካሪ ድርጅት በኩል ነው። ሥራዬ ከካባው መዝጊያ ግምገማ ውስጥ የመሬት መሸርሸርንና የደለልን ክፍል መሥራት ነበር። ጊዜው የግንቦት መጨረሻ ሳምንት ነው። ሰነዱ ከሰኔ 30 በፊት ማለቅ አለበት ተብሏል። ዶዘሩ ገና ቦታው ላይ ነበር፤ ቅዳሜ በሎቤድ ተጭኖ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። ዶዘር ባለበት፣ አፈር ባለበት፣ ዘር ባለበት፣ ዝናብ ሊጥል ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ አንድ ባለሙያ “እንዲህ ይሁን” እንዲል ብቻ የሚጠበቅበት ቀን በሕይወቴ ያኔ አንዴ ነው የመጣልኝ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኦፕሬተሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ከአርባ ዓመት በላይ የሚሆነው፣ ፊቱ በአቧራ የነጣ ሰው ነው።

“ኢንጂነር፣ ማጠናቀቂያውን እንዴት ላድርገው?” አለኝ። “ላይና ታች እየተመላለስኩ ብሄድ ሰንሰለቱ አግድም ጥርስ ይተዋል፤ ውሃ ይይዛል። አግድም ብሄድ ግን ጥርሱ ቁልቁል ይሆንና ለጎርፉ ቦይ ይሆንለታል። በብሌዱ ጀርባ እየጎተትኩም ላለሰልሰው እችላለሁ። ወይ ደግሞ እንዲሁ ጎረባብጦ ይቅር፤ ያው የምትሉኝን ነው።”

አስቡት። መጽሐፍ ያላነበበ ሰው አራቱን አማራጭ ከነምክንያታቸው ዘርዝሮ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ከአጠገባችን የምንጩ ዳር ነዋሪ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። እሳቸውም ገቡበት።

“ምን ያስላጫችኋል?” አሉ። “እኛ እንኳ ማሳችንን ጓሉን ሳንሰብር ነው የምንተወው። ጓል ውሃ ያቅፋል። ልሙጥ መሬት ግን ውሃውን አይቶም አያውቀው፣ አሳልፎ ነው የሚሰጠው። ከታች ደግሞ እኛ ነን ያለነው፣ ልጄ።”

“አይጨነቁ አባባ፣ ሣር ይበቅልበታል” አልኳቸው።

የኩባንያው ተወካይ በዚያው ሰዓት ለሰነዱ የሚሆን ፎቶ እያነሳ ነበር። የተጎረባበጠው ክፍል ያላለቀ ሥራ ይመስላል አለ። እኔም ተዳፋቱን አየሁት። እውነት ለመናገር፣ ለስልሶ ሳየው ያምር ነበር፤ እንደ ተተኮሰ ነጠላ። ወደ ኦፕሬተሩ ዞሬ “ልሙጥ አድርገው” አልኩ። ሁለት ቃል። አርብ ቀኑን ሙሉ ሲያለሰልስ ዋለ፤ ቅዳሜ ጠዋት ዶዘሩ ሄደ።

ይህን ያልኩት ሳላውቅ ቢሆን ኖሮ ቁጭቱ በቀለለኝ። በቦርሳዬ ውስጥ ግን፣ በአዲስ አበባ ሳለሁ አትሜ የያዝኩት፣ ስለ አሜሪካ የአፓላቺያ ተራሮች የሚያወራ ጽሑፍ ነበር። እዚያ የድንጋይ ከሰል ለማውጣት ተራራ ከላዩ ይገፈፋል። ስለ ተገፈፈው መሬት የወጣውን ሕግ ፕሬዚዳንት ፎርድ በ1974 እና በ1975 እ.ኤ.አ. ሁለቴ መልሰውት ነበር፤ በመጨረሻ ፕሬዚዳንት ካርተር ነሐሴ 3 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ፈረሙት። ሕጉ ለም አፈሩ ለብቻው ይቀመጥ፣ መሬቱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለስ፣ ኩባንያው አስቀድሞ የገንዘብ መያዣ ያስይዝ ይላል። መልካም ሕግ ነው። ግን የመሬት መንሸራተት አሜሪካውያኑን ስላሰጋቸው፣ ዶዘሮቹ የተመለሰውን አፈር ደጋግመው እየረገጡ እንደ አስፋልት አደነደኑት። በላዩ ላይ ቶሎ የሚበቅል ሣር ዘሩ። ለዓይን አረንጓዴ ሆነ። ነገር ግን ሥር ወደ ውስጥ አልገባ አለ፤ ውሃም አልሰርግ አለ፤ የተተከሉት ዛፎች ጫጭተው ቀሩ፤ የማይሰርገው ዝናብ ደግሞ ወደ ወንዙ ሮጠ። የሚሻለው ተቃራኒው መሆኑን፣ ማለትም የላይኛውን አንድ ሜትር ከሃያ ያህል አፈር ሳይረግጡ ልል አድርጎ መተው እንደሚገባ፣ የመንግሥትና የዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በ2004 እ.ኤ.አ. በጋራ ተሰባስበው ማስተማር ሲጀምሩ ከሕጉ 27 ዓመት አልፎ ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር መሬት ተረግጦ ካለቀ በኋላ ማለት ነው።

እነሱ 27 ዓመትና ያን ሁሉ ተራራ ከፍለው ያገኙትን ትምህርት እኔ በነጻ፣ በስምንት ገጽ፣ በቦርሳዬ ይዤው ነበር። ቦርሳው ትከሻዬ ላይ ነበር “ልሙጥ አድርገው” ስል።

ወደ ፌሮዎቹ ልመለስ። የሚተከሉት አርብ ዕለት ነበር፦ ከአናቱ፣ ከወገቡና ከግርጌው በሦስት ረድፍ። ቀኑን ሙሉ ዶዘሩ ሲመላለስ ዋለ፤ መትከል አልተቻለም። ቅዳሜ ደግሞ መኪናው ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል ተባለ፤ ሰነዱም ቸኩሏል። “ከሰነዱ በኋላ በሰኔ መጥቼ እተክላቸዋለሁ” ብዬ መልሼ ጫንኳቸው። ለመትከል የሚያስፈልገው መዶሻና ሁለት የቀን ሠራተኛ ነበር። እሑድን አድሬ ሰኞ በሕዝብ ማመላለሻ መምጣት እችል ነበር። እሑድ እዚያ የማደር ሐሳብ ለደቂቃ መጥቶልኝ ነበር፤ አስታውሰዋለሁ፣ መኪናው በር ላይ እግሬን አንስቼ ቆሜ ነበር።

አዲስ አበባ ገብቼ ጠረጴዛ ላይ ያደረግሁት ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል።

የአፈር መሸርሸር በቀመር ይገመታል። ዊሽማየርና ስሚዝ የተባሉ አሜሪካውያን በ1965 እ.ኤ.አ. አሳትመው በ1978 ያሻሻሉት ነው፤ ከአሥር ሺህ በላይ የመደብ-ዓመት ልኬት ላይ የቆመ። የዝናቡን ጉልበት፣ የአፈሩን ተሸርሻሪነት፣ የተዳፋቱን ርዝመት፣ ቁልቁለቱን፣ የሽፋኑንና የአያያዙን ቁጥር እያባዛህ በዓመት ከአንድ ሄክታር ስንት ቶን እንደሚሄድ ታገኛለህ። ለእኛ አገር ያስማማው የስዊዘርላንዱ ሃንስ ሁርኒ ነው፣ በ1985 እ.ኤ.አ.። ሁርኒ የቀመሩን ቁጥሮች ሠንጠረዥ ከወንበር ላይ ሆኖ አላወጣውም። በ1981 እ.ኤ.አ. ወሎ ማይባር ላይ የመጀመሪያው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፈተ፤ ከዚያ ሸዋ ላይ አንዲት ጢድ፣ ጎጃም ላይ አንጀኒ፣ ሌሎችም ተከተሉ። በየጣቢያው የአካባቢው ልጆች ዝናብ በጣለ ቁጥር፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ተነስተው የጎርፉን ከፍታ አንብበዋል፤ የደፈረሰውን ውሃ በጠርሙስ ቀድተዋል። ሠንጠረዡ የእነዚያ ልጆች እንቅልፍ ነው።

በሠንጠረዡ ላይ ለሽፋን የተሰጠ ቁጥር አለ። ጥቅጥቅ ያለ ሣር 0.01 ነው። ራቁቱን የቀረ ልል የተጎዳ መሬት 0.40 ነው። አርባ እጥፍ።

የእኔ ተዳፋት በዚያን ዕለት ምን ነበር? ዘሩ ገና በጆንያ ነው። አንድ ቅጠል ሣር የለበትም። እኔ ግን 0.01 ጻፍኩ፤ “ሣሩ ይበቅላል” ብዬ። ርዝመቱ 80 ሜትር፣ ቁልቁለቱ 30 በመቶ፣ የዓመቱ ዝናብ አንድ ሺህ ሚሊሜትር ግድም። አፈሩ በሠንጠረዡ በቀለም ነው የሚለየው፤ የካባ ትርፍ ግን ነጭ የኖራ ጠጠር፣ ቢጫ ሸክላና ቡናማ አፈር የተደባለቀበት ነውና አንድ ቀለም የለውም፤ ቡናማ አልኩት። አባዛሁት። በሄክታር ስድስት ቶን ወጣ። ያችን አንዲት ቁጥር 0.40 ብዬ ብጽፋት ኖሮ ከ250 ቶን በላይ ይወጣ ነበር። ዛሬም በየቦታው፣ በናፕኪን ላይ ሳይቀር፣ አባዛዋለሁ፤ ያው ነው የሚወጣው። ተዳፋቱን በየሃያ ሜትሩ በእርከን ብከፋፍለው እንኳ የርዝመቱ ቁጥር ከ1.9 ወደ 1 ይወርድ ነበር፣ በግማሽ ሊቀንስ ምንም ያህል አይቀረውም። ለዶዘሩ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

በዚህም አላበቃሁም። ሰነዱ ጥሩ እንዲመስል አንድ ማነጻጸሪያ ጨመርኩ፦ ሁርኒ ለኢትዮጵያ የእርሻ መሬት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን መገመቱን ጠቅሼ፣ የተመለሰው ካባ ከእርሻ መሬት ሰባት ጊዜ የተሻለ ነው ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ሰኔ 24 ቀን ገባ። በሰኔ መጥቼ እተክላቸዋለሁ ያልኳቸው ፌሮዎች መጋዘን ውስጥ ነበሩ።

በሐምሌ ሥላሴ ዋዜማ ማታ ስልኬ ጠራ። ሽማግሌው ናቸው፤ ቁጥሬን ከማን እንዳገኙት አላውቅም።

“ልጄ፣ ያ የላጫችሁት መሬት ወርዶ ደጃችን ደርሷል” አሉኝ። ድምፃቸው አልተቆጣም። ከዚያ በኋላ ዝናቡ በስልኩ ውስጥ ይሰማ ነበር፤ ቆርቆሮ ላይ የሚያርፍ ከባድ ዝናብ። “እመጣለሁ አባባ” አልኩ። ያኔም አልሄድኩም። የሄድኩት ከመስቀል በኋላ ነው።

በእኛ አገር ደለል የሚሄደው በዋናነት በክረምቱ መባቻ መሆኑን እኔ ለሌሎች ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። በሰኔና በሐምሌ መሬቱ ራቁቱን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጎርፎች እንደ ቡና አተላ ደፍርሰው ይወርዳሉ። ነሐሴና መስከረም ላይ አዝመራው ሲሸፍነው ያው ዝናብ ጠራ ብሎ ይወርዳል። የአንጀኒ ልኬቶች የሚያሳዩት ይህንኑ ነው። ስለዚህ በመስከረም የሄደ ሰው የሄደው ለቀብር ነው፤ ሕመምተኛው ያለፈው በሐምሌ ነው።

ተዳፋቱ ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ጠጠሮቹን ነው። ተንበረከክሁ። እያንዳንዷ ነጭ የኖራ ጠጠር በትንሽ የአፈር ምሰሶ ላይ ተቀምጣለች፣ ልክ ጀበና ማቶት ላይ እንደሚቀመጥ። የዝናቡ ጠብታ በዙሪያዋ ያለውን አፈር እየመታ ወስዶታል፤ ከጠጠሯ ሥር ያለውን ግን ጠጠሯ ከልላዋለች። የምሰሶዋ ቁመት የጠፋው አፈር ቁመት ነው። በጣቴ ለካሁ፦ ሁለት ጣት፤ አንዳንዱ ጋ ሦስት። ፌሮ ባልተክልም መሬቱ ራሱ ለክቶ ያስቀመጠልኝ ይመስል በሺህ የሚቆጠሩ ጠጠሮች ምሰሶ ምሰሶ ሆነው ቆመዋል። ግን ያ የአንድ ቀን ማስረጃ ነው፤ የኋለኛው ዝናብ ግማሹን ጥሎታል፤ ከየትኛው ዝናብ በፊት ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ለሸንጎ አይቀርብም።

ከወገቡ በታች ውሃው ተሰብስቦ መስመር ሠርቷል። መስመሮቹ ጣት ያህል ይጀምሩና ታች ሲወርዱ ክንድ ያህል ይሰፋሉ፤ ግርጌው ላይ ሰው ቆሞ ሊገባበት የሚችል ቦረቦር ሆነዋል። በብሌዱ ጀርባ የታሸገው ቆዳ ውሃውን ሳያስገባ አንደርድሮት እዚያ ሲደርስ ጉልበቱን ሁሉ አውጥቶበታል። አንድ ስንዝር የነበረው ለም አፈር በቦረቦሩ ግድግዳ ላይ እንደ ዳቦ ቅርፊት ይታያል፤ ከሥሩ ነጭ ጠጠር ነው።

ምንጩ የለም። ማለቴ ውሃው አለ፣ ከደለሉ ሥር እየረጠበ፤ ግን ድንጋዩ አይታይም። ቦይዋ ሞልታለች። የማልረሳው ሣሩን ነው። ተዳፋቱ ላይ የዘራነው የሮድስ ሣር እዚያ አልበቀለም፤ ዘሩ ከአፈሩ ጋር ወርዶ ቦይዋ ውስጥ በቅሏል። ከምንጩ እስከ ሽንኩርቱ ማሳ ድረስ በአንድ ቀጭን መስመር ለምለም፣ ጥቅጥቅ ያለ ሣር። በሰነዴ ላይ 0.01 ብዬ የጻፍኩት ሣር ያ ነው።

ገበሬዎቹ አመለከቱ። በኅዳር ከወረዳው ኮሚቴ ተቋቁሞ ሁላችንም ተጠራን። የሚጠይቁት ብዙ አልነበረም፦ ምንጩ ይጠረግ፣ ቦይዋ ትታደስ፣ የወደመው ሽንኩርት ይካስ። የኩባንያው ተወካይ ሰነዱን አወጣ። የእኔን ሰነድ። ገጹን ገልጦ አነበበ፦ ከካባው የሚወጣው አፈር በሄክታር ስድስት ቶን ብቻ ነው፤ የእርሻ መሬት ግን በአማካይ 42 ቶን ይሸረሸራል። “እንግዲህ ደለሉ ከየት እንደመጣ ባለሙያው ራሱ ጽፎታል” አለ። ከላይ ያሉት የገበሬዎቹ የራሳቸው ማሳዎች ናቸው ማለቱ ነው።

ሽማግሌው ወደኔ ዞረው አዩኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

ተነስቼ ተናገርኩ። ያ ግምት ሣሩ ከበቀለ በኋላ ያለውን የሚመለከት መሆኑን፣ መሬቱ ራቁቱን ሳለ ግን ብዙ እጥፍ እንደሚሆን አስረዳሁ። ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነበር፤ በትክክል መጠየቅ ያለበትን ጠየቀኝ። “ታዲያ ሣሩ ሳይበቅል ስንት ወጣ? ለክታችኋል?”

አርባ ፌሮ በሦስት ረድፍ ቢተከል ኖሮ መልሱ በደብተሬ ላይ በሚሊሜትር ተጽፎ ነበር። ለአንድ የመንደሩ ተማሪ የዝናብ መለኪያና አሥር የሃይላንድ ጠርሙስ ሰጥቼ “ዝናብ ሲጥል ከቦይዋ በላይና በታች ቅዳልኝ” ብለው ኖሮ፣ ያንን አጥልዬ፣ በ105 ዲግሪ አድርቄ፣ መዝኜ፣ በአንድ ሊትር ስንት ግራም ከካባው ስንት ደግሞ ከማሳዎቹ እንደመጣ እነግረው ነበር። የካባው ደለል ነጭ የኖራ ዱቄት አለበት፤ የማሳዎቹ አፈር ጥቁር ነው። ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ በዓይኑ ማሳየት እንኳ እችል ነበር።

“አልለካንም” አልኩ።

ኮሚቴው ሊወስን አልቻለም። በማስረጃ እጥረት ይላል ቃለ ጉባኤው። አዋጅ ቁጥር 678/2002 የማዕድን ፈቃድ ያለው ሰው ቦታውን መልሶ ለማልማት ገንዘብ እንዲመድብ ያዝዛል፤ ይህም ኩባንያ መድቦ ነበር። ግን የተመደበው ገንዘብ በእኔ ፊርማ ሥራው ተጠናቋል ተብሎ ተዘግቷል። በአሜሪካው ሕግ ቢሆን ዓመታዊ ዝናቡ ከ26 ኢንች፣ ማለትም ከ660 ሚሊሜትር፣ በላይ በሆነበት ቦታ የመጨረሻው ዘር ከተዘራ በኋላ አምስት ሙሉ ዓመት፣ ዝናቡ ከዚያ ባነሰበት ደግሞ አሥር ዓመት ሳይሞላ መያዣው ሙሉ በሙሉ አይለቀቅም። አምስት ክረምት። እኔ አንድም ክረምት ሳላይ ነው የለቀቅሁት። ማንም እንዲህ አድርግ ብሎ አላስገደደኝም፤ “መዝጊያው እስከ ጥቅምት ይቆይ፣ አንድ ክረምት ይለፍበት” የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር በምክረ ሐሳቡ ውስጥ ብጽፍ የሚከለክለኝ አልነበረም። ብዕሩ የኔ ነበር።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይላሉ እናቶቻችን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ካባ ዘግቻለሁ፤ ፌሮ ሳልተክል፣ ዝናብ ሳላይ ፈርሜ አላውቅም፤ ለስላሳ መሬት ሳይ ሆዴ ይሸበራል። የዚያ ምንጭ ሰዎች ግን ከዚህ ምን ያተርፋሉ? ለእነሱ የነበረው አንድ ግንቦት ነው። ሁለት ክረምት ምንጩን በእጃቸው ጠረጉት፤ በሦስተኛው ሰለቻቸው። ሴቶቹና ልጆቹ አሁን ውሃ የሚቀዱት ከታችኛው ወንዝ ነው፤ ጀሪካን አዝሎ ለመመለስ አንድ ሰዓት ዳገት።

ባለፈው ግንቦት ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ በደንብ አላውቅም። ከእስሩ ሦስት ፌሮ መዝዤ፣ መዶሻ ይዤ፣ ብቻዬን።

ሽማግሌው አሉ፤ ዓይናቸው ግን ደክሟል። በልጅ ልጃቸው እየተመሩ ተዳፋቱ ድረስ መጡ። የመጀመሪያውን ፌሮ ከአናቱ ላይ፣ ያኔ አንደኛው ረድፍ ይሆን ከነበረበት ቦታ ላይ መታሁት። አራት ጣት ገባና ድንጋይ አገኘ። ደጋግሜ ብመታው መዶሻው እጄን መለሰው እንጂ ብረቱ አልተነቃነቀም። ሁለተኛውን ወገቡ ላይ ሞከርኩ፤ ጎበጠ።

“ምንድን ነው የምትቀጠቅጠው?” አሉ ሽማግሌው።

“መለኪያ ነው አባባ።”

ዝም አሉ። ሦስተኛውን ይዤ ቦይዋ ጋ ወረድሁ። ከሣሩ መሃል አቆምኩትና መዶሻውን ሳላነሳ በመዳፌ ብቻ ተጫንኩት። ገባ። ሃምሳውን ሳንቲሜትር አለፈ፣ ቀዩን ምልክት አለፈ፣ የቀረውንም አሥር ሳንቲሜትር ይዞ ደለሉ ውስጥ ሰመጠ።